ቴክኖሎጂ በመማሪያ ክፍል፦ በተማሪው አጠገብ የሚቀመጠው ማን ነው?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቁምስና ለሕፃናት የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የጠፋውን ልጅ ምሳሌ (ሉቃ. 15፥11-32) በፊልም ልናስተምር ተነሣን። ጄኔሬተር ተከራየን፤ ፕሮጀክተር ከከተማ አስመጣን፤ ነጭ አንሶላ በግድግዳው ላይ ወጠርን። ሕፃናቱ ገና በጊዜ መጥተው ቦታ ያዙ። ፊልሙ በውጭ ቋንቋ የተሠራ ስለ ነበረ እኛ በአጠገቡ ቆመን እንተረጉም ነበር። ልጁ የርስት ድርሻውን ተቀብሎ ከአባቱ ቤት በሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ከፊት የተቀመጠች ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ እጇን አነሣች። እኛም የፊልሙ ንግግር እንዳያመልጠን ብለን፣ «ቆዪ፤ ኋላ ትጠይቂያለሽ» አልናት። ፊልሙ ሲያልቅ መሽቶ ነበር፤ ነዳጁም አለቀ፤ ሕፃናቱ በጨለማ ወደየቤታቸው ተበተኑ።

በሚቀጥለው እሑድ ምን እንደ ተማሩ ጠየቅናቸው። ስለ ፈረሶቹ፣ ስለ ግብዣው፣ እንዲያውም ስለ ጄኔሬተሩ ጩኸት ብዙ ነገሩን። የአባትየውን ምሕረት ያነሣ ግን አንድም ልጅ አልተገኘም። ያችን ልጅ፣ «ጥያቄሽ ምን ነበር?» ብንላት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ከትምህርቱ በኋላ የክፍሉ ካቴኪስት፣ በዕድሜ ከእኛ የሚበልጡ ሰው፣ ወደ ጥግ ወስደው፣ «አባ፣ ልጅቱ ለእኔ ነግራኛለች። ‹እናቱስ የት ነበረች?› ነው ያለችው። እናቷ ካረፈች እኮ ገና ዓመት አልሞላትም» አሉን።

በዚያ ምሽት መሣሪያዎቹ ሁሉ ያለ እንከን ሠርተው ነበር። ያልሠራነው እኛ ነበርን። ልጅቱ በትምህርቱ ውስጥ የራሷን ሕይወት አግኝታ እጇን ስታነሣ፣ ፊልሙ ሊጠብቃት አልቻለም፤ እኛም ሊጠብቃት ከማይችለው ጋር አብረን ሮጥን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ከዚህ የተነሣ ነው። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒዩተርና ተንቀሳቃሽ ስልክ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሰውን ከሰው የሚያገናኙት መቼ ነው? የሚለያዩትስ መቼ ነው? ካቴኪስቶች ብቻ ሳይሆኑ በመንግሥትና በሚስዮን ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ፣ እንዲሁም ልጆቻችሁን የምታስጠኑ ወላጆች ሁሉ ይህን ጥያቄ ከእኛ ጋር ታስቡት ዘንድ እንጋብዛለን።

1. አዲስ መሣሪያ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ምእመናን አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ይፈራሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ያለ ልክ ይመኩበታል። ለሁለቱም ወገን የታሪክ ትምህርት ይጠቅማል። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ከተማ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ሥራውን ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን ቋንቋውን የተማረው በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። የማተሚያ መሣሪያ በዘመኑ እጅግ አዲስ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያው ብቻውን ግዕዝን አልተናገረም፤ አንድ የውጭ አገር ሰውና ጥቂት መነኮሳት በአንድ ገበታ ተቀምጠው ፊደሉን በፊደል እየተማማሩ ነው ያናገሩት።

በሃያኛው ምእት ዓመትም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1931 በጉልየልሞ ማርኮኒ የተሠራውን የቫቲካን ሬዲዮ መርቀው ከፈቱ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች «ኢንተር ሚሪፊካ» የተሰኘውን ውሳኔ አወጣ። ስለዚህ መሣሪያን መጠቀም ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ለእኛ ያለፈ ነው። የቀረው ጥያቄ አጠቃቀሙ ነው፤ ይህንንም ከሁለት ምሳሌዎች፣ አንዱን ከሩቅ አገር፣ አንዱን ከገዛ አገራችን ወስደን እንመልከት።

2. በኮሎምቢያ ተራሮች ላይ የነበረው የሬዲዮ ትምህርት ቤት

ሱታቴንሳ በኮሎምቢያ፣ በአንዲስ ተራሮች መካከል የምትገኝ ትንሽ የገበሬ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሆሴ ሆዋኪን ሳልሴዶ የሚባል ወጣት ካህን ወደዚያ ተመደበ። የቁምስናው ሕዝብ በየሸንተረሩ ተበታትኖ የሚኖር ሲሆን ብዙው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። መንገዱ አስቸጋሪ፣ መምህራን ጥቂቶች ነበሩ። የአገራችንን ደጋ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሁኔታ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። አባ ሳልሴዶ አነስተኛ የሬዲዮ ማሰራጫ አቁሞ ለገበሬዎቹ ንባብን፣ ጽሕፈትን፣ ሒሳብን፣ ጤና አጠባበቅን፣ እርሻንና ሃይማኖትን ማስተማር ጀመረ። ከዚህ ትንሽ ጅማሬ በመላ አገሪቱ የሚሰማ ትልቅ የትምህርት ድርጅት በቀለ፤ ሬዲዮ ሱታቴንሳም የዓለም መምህራን የሚጠቅሱት ስም ሆነ።

ለእኛ ግን ከማሰራጫው ኃይል ይልቅ ትኩረት የሚገባው የአሠራሩ ሥርዓት ነው። ትምህርቱ የሚሰማው እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ተቀምጦ አልነበረም። ቤተሰብና ጎረቤት በአንድ ቤት ይሰበሰባል፤ በመካከላቸው ሬዲዮ፣ በግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ከመካከላቸው ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ረዳት ሆኖ ይመረጣል። ይህ ረዳት የመምህርነት ሥልጠና የነበረው አይደለም፤ እንደ እነርሱ ገበሬ ነው። በሬዲዮ ያለው መምህር፣ «አሁን ይህን ፊደል ጻፉ» ሲል ረዳቱ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ የእያንዳንዱን ደብተር ይመለከታል፤ የተሳሳተውን እጅ ይዞ ያቀናል፤ የቀረውን ሰው ለምን እንደ ቀረ ይጠይቃል። የክፍሉንም ሁኔታ ለቁምስናው ካህን ያሳውቃል። ገበሬዎቹ መጻፍ ሲችሉ ወደ ጣቢያው ደብዳቤ ይልኩ ነበር፤ ከጣቢያውም መልስ ይመጣላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ለእነርሱ የሚሆን «ኤል ካምፔሲኖ»፣ ማለት «ገበሬው» የተባለ ጋዜጣ ተቋቋመ፤ ማንበብ የተማረ ሰው የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋልና።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል፤ ትምህርቱ የሚፈጸመው ግን በቅርብ ነው። ሬዲዮው ለሺዎች አንድ ዓይነት ቃል ይናገራል፤ ረዳቱ ያን ቃል ለአንዱ ሰው፣ በስሙ ጠርቶ፣ ያደርስለታል። ሬዲዮ ሱታቴንሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ጣቢያዎቹ ተሸጠው ተዘጋ። የሬዲዮ ትምህርት ቤት ዘዴው ግን ቀድሞ በላቲን አሜሪካ አገሮች ተስፋፍቶ ነበር።

3. በአገራችን የነበረው የ«ፕላዝማ» ትምህርት

በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። ተማሪው፣ ወላጁና መምህሩ ሁሉ «ፕላዝማ» ብለው ሰየሙት። ትምህርቶቹ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይተላለፉ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን የመሰሉ ትምህርቶች በአንድ ሰዓት በመላ አገሪቱ ይሰጡ ጀመር።

ዓላማው መልካም እንደ ነበር መመስከር ፍትሕ ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ፣ አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ የሚሆነውን በዓይኑ አየ። ልምድ ያለው መምህር ባልደረሰበት ወረዳ የከተማው ልጅ የሚማረው ትምህርት ደረሰ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ችግሩ ፈጥኖ ታየ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የቀሩት በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ያቀርባል፤ የተወሰኑ ሰኮንዶች ይሰጣል፤ ተማሪው ሠራም አልሠራም መልሱን ተናግሮ ያልፋል። እስከ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ፣ በማያውቀው አነጋገር የሚፈጥን እንግሊዝኛ ሲሰማ ግራ ይጋባል። መብራት በጠፋ ቀን ትምህርቱ ያመልጣል፤ ያመለጠውም አይመለስም፤ በማግሥቱ የሚመጣው ሌላ ምዕራፍ ነውና። ከሁሉ የሚያሳዝነው የመምህሩ ነገር ነበር። ለብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ የተማሪዎቹን ፊት አይቶ «ይህን አልያዙትም» ብሎ እያወቀ፣ ስክሪኑን ሊያስቆመው አይችልም። እጁን አጣምሮ ከጥግ ይቆማል።

የሁለቱን ምሳሌዎች ልዩነት በአንድ ቃል ብንጠቀልለው እንዲህ ይሆናል። በሱታቴንሳ መሣሪያው የመጣው መምህር ወደሌለበት ቤት ሲሆን፣ ካልተማረው ሰው መካከል አንዱን ረዳት መምህር አድርጎ አስነሣ። በእኛ ክፍሎች ደግሞ መሣሪያው መምህር ወዳለበት ክፍል ገብቶ፣ የተማረውን ሰው ተመልካች አደረገው። የመሣሪያው ዘመናዊነት ቢታይ ፕላዝማው ከአሮጌው ሬዲዮ እጅግ ይበልጥ ነበር። ብልጫው ግን በተማሪው አጠገብ የተቀመጠውን ሰው አልተካም።

4. ጃንደረባውና ፊልጶስ

ይህን እውነት ቅዱስ መጽሐፍ አስቀድሞ አሳይቶናል፤ ያውም በገዛ ወገናችን ታሪክ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከቁጥር 26 ጀምሮ የሚነበበው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በዘመኑ ከነበረው ሁሉ የተሟላ ነገር ነበረው። ሠረገላ አለው፤ በዚያን ጊዜ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የሚገኝ የኢሳይያስ ጥቅልል መጽሐፍ አለው፤ ማንበብም ይችላል። ቢሆንም ፊልጶስ ያነበበውን ያስተውል እንደሆነ ሲጠይቀው፣ የሚመራው ሰው ከሌለ እንዴት እንደሚችል መልሶ ጠየቀ። ከዚያም ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው።

ፊልጶስ ያደረገውን በቅደም ተከተል እንይ። መጀመሪያ ቀረበና ሰማ፤ ቀጥሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ተጋብዞ ተቀመጠ፤ ማስተማር የጀመረውም ሰውየው ራሱ ካነሣው ጥያቄ ተነሥቶ ነው። መጽሐፉን ከጃንደረባው እጅ አልነጠቀም፤ መጽሐፉን ትቶለትም አልሄደም።

የአባቶቻችን ትምህርት ቤትም በዚሁ መንገድ የቆመ ነበር። በንባብ ቤት ታላላቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን ያስነብባሉ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል። ያልነገረ ተማሪ አልተማረም። መስማት ብቻውን እንደ ትምህርት አይቈጠርም ነበር።

በዘመናችን ጥያቄ ሲያቀርቡለት በሰው ቋንቋ መልስ የሚሰጥ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባል መሣሪያ መጥቷል። ትዕግሥቱ ከፊልሙና ከፕላዝማው ይበልጣል፤ ተማሪው ደጋግሞ ቢጠይቀው አይሰለችም፤ ለጥናትም ይረዳል። ቢሆንም ያች ልጅ «እናቱስ የት ነበረች?» ብላ ብትጠይቀው፣ ስለ ምሳሌው ጥሩ ማብራሪያ ይሰጣት ይሆናል እንጂ፣ የጠየቀችው እናቷን የቀበረች ልጅ መሆኗን አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ለቅሶዋ ላይ የተገኘ ሰው ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የዓለም ትምህርት ዘገባ፣ ቴክኖሎጂ የተማሪውን ጥቅም ማስቀደም እንዳለበትና በመምህርና በተማሪ መካከል ያለውን ሰብአዊ ግንኙነት ሊተካ እንደማይገባ አሳስቧል።

5. መሣሪያው የሌለውን ልጅ እንዳንረሳ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ እንዲቀጥል ተሞከረ። በከተማ ያለው፣ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ልጅ ከመምህሩ ጋር በቴሌግራም ይጻጻፍ ነበር። መብራት በሌለበት ቀበሌ ያለው ልጅ ግን ከብት ሲጠብቅ ከረመ። ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ሁለቱ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀመጡ፤ ርቀታቸው ግን ሰፍቶ ነበር።

ስለዚህ ካቴኪስት ወይም መምህር በመሣሪያ ለማስተማር ሲያስብ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ይቀርብናል?» ሳይሆን «ማን ይቀርብናል ብለን ሳናስብ ማን ይቀርብናል?» ማለትም፣ ስልክ የሌለው ቤት የማን ነው? የሚለው መሆን አለበት። «ትምህርቱን በቴሌግራም ልኬላችኋለሁ» የሚል ቃል ለአንዳንዱ ልጅ «አንተን አይመለከትም» ማለት ነው።

6. ለካቴኪስቶችና ለመምህራን የሚሆኑ ተግባራዊ ምክሮች

አንደኛ፤ ከትምህርቱ በፊት መሣሪያውን ብቻችሁን ሞክሩት። የምታሰሙትን ድምፅ ወይም የምታሳዩትን ፊልም እስከ መጨረሻው ተመልከቱ፤ የት ላይ እንደምታስቆሙት ምልክት አድርጉ። መብራት ቢጠፋ ትምህርቱን በምን እንደምትቀጥሉ አስቀድማችሁ ወስኑ። ያለ መሣሪያው ጨርሶ ሊሰጥ የማይችል ትምህርት ገና ያልተዘጋጀ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፤ አሳጥሩት። ለአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አምስት ደቂቃ የሚሆን ድምፅ ወይም ምስል ይበቃል። የቀረው ጊዜ የሕፃናቱ ነው፤ ይናገሩበት፣ ይሣሉበት፣ ይዘምሩበት።

ሦስተኛ፤ እጅ ሲነሣ መሣሪያው ይቁም። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ሕግ ነው። የሚቆም መሣሪያ ምረጡ፤ ያስቆመውንም ልጅ አመስግኑት።

አራተኛ፤ በአንድ ስልክ ብዙዎች ይማሩበት። ሕፃናቱን አምስት አምስት እያደረጋችሁ ለየቡድኑ ከታላላቆቹ አንድ ረዳት ስጡ። ትምህርቱን በሚሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ብታስተላልፉት የኢንተርኔት ወጪ አይጠይቅም።

አምስተኛ፤ ሕፃናቱ ሰሚዎች ብቻ አይሁኑ። የመንደሩን ሽማግሌዎች ድምፅ በስልክ እንዲቀርጹ ላኳቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት እንደ ተሠራ፣ የመጀመሪያዎቹ ምእመናን እነማን እንደ ነበሩ ይጠይቁ። የተቀረጸው ድምፅ በክፍል ሲሰማ፣ ልጆቹ አያቶቻቸውን እንደ መምህራን ያያሉ። ይህንኑ ድምፅ ከሌላ ቁምስና ክፍል ጋር መለዋወጥ ይቻላል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ የወገኖቻችን ልጆች ብዙዎቹ አማርኛን የሚሰሙት በቤት ውስጥ ብቻ ነው። በእነርሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ከአገር ቤት ሰላምታ ልኮ እነርሱም በተሰባበረ አማርኛ ቢመልሱ፣ ለሁለቱም ወገን ትልቅ ትምህርት ነው።

ስድስተኛ፤ ሕፃናቱን ጠብቁ። ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶግራፋቸውን አታንሡ፤ ፎቶግራፋቸውንና ስማቸውን በአደባባይ አታውጡ። ለሕፃን በግል መልእክት አትላኩ፤ መልእክቱ በወላጅ በኩል ይሂድ። ይህ ለሕፃኑም፣ ለአስተማሪውም፣ ለቤተ ክርስቲያንም ጥበቃ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ያነሣናቸው ካቴኪስት ከዚያ ከፊልሙ በኋላ ምን እንዳደረጉ ነግረን እንፈጽማለን። በሦስተኛው እሑድ ምሳሌውን ራሳቸው አንብበው በአሮጌ ስልካቸው የቀረጹትን ይዘው መጡ። ልጁ ከቤት እስከሚወጣበት ድረስ አሰሙና አስቆሙት። «በቤቱ ውስጥ ማን ማን አለ? በየደብተራችሁ ሣሉልኝ» አሏቸው። ሕፃናቱ አባትየውን፣ ታላቅ ወንድሙን፣ አገልጋዮቹን፣ ጥጃውን ሣሉ። ያች ልጅ በበሩ ላይ ሻሽ ያሰረች ሴት ሣለች። እሳቸውም አጠገቧ ቁጢጥ ብለው፣ «ወንጌሉ ስለ እናቱ አልነገረንም። ላንቺ ግን የት ያለች ይመስልሻል?» አሏት። ልጅቱም ረጅም ነገር ተናገረች፤ ክፍሉም ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። ከዚያ በኋላ ስልኩ እንደገና ተከፈተ፤ አባትየው ልጁን ከሩቅ አይቶ ሲሮጥ በተሰማ ጊዜ፣ ማብራሪያ የፈለገ ልጅ አልነበረም።

እኛ በኋላ ወንበር ተቀምጠን ይህን አየን። ጄኔሬተር አልነበረም፤ ፕሮጀክተርም አልነበረም። በልጅቱ አጠገብ ግን ሰው ነበረ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በክፍላችሁ ወይም በቤታችሁ መሣሪያ ያስተማራችሁን አንድ ነገር አስታውሱ። በዚያን ጊዜ በአጠገባችሁ ማን ነበር?

ለ. ሐዋ. 8፥26-40ን በአንድነት አንብቡ። ፊልጶስ ከማስተማሩ በፊት ያደረጋቸውን ነገሮች ዘርዝሩ። ከእነዚህ የትኛው በእኛ ክፍል ይጎድላል?

ሐ. በቁምስናችሁ ስልክም ሬዲዮም የሌላቸው ሕፃናት እነማን ናቸው? ትምህርቱ በማን በኩል ሊደርሳቸው ይችላል?

መ. ከታላላቆቹ ልጆች መካከል ለታናናሾቹ ረዳት ሊሆኑ የሚችሉትን ሦስት ምረጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ትምህርት ከእነርሱ ጋር አዘጋጁ።